ሐረር በግራና በቀኝ ገጽ

ጋብቻችን ሁለተኛ ዓመቱን በያዘበት ክረምት፣ ሐምሌ 16 ቀን 2011 ዓ.ም. ማክሰኞ ማለዳ፣ እኔና ባለቤቴ ከወንድሟ በተዋስናት ትንሽ መኪና ወደ ሐረር ጉዞ ጀመርን። ለዘመድም ለጎረቤትም የተናገርነው ለሽርሽር መውጣታችንን ነው። ሽርሽርም ነበር። ነገር ግን በመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ፣ ከሊብሬው ሥር፣ አንድ የታጠፈ ደብዳቤ አብሮን ይጓዝ ነበር። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ደብዳቤው በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት መቀበሏን ይገልጻል። የዩኒቨርሲቲው የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሚገኘው ሐረር ከተማ ውስጥ ነው፤ ትምህርቷም ሁለት ዓመት ይፈጃል። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ የምቆጥር ሰው ነበርሁ። ዝውውር ይቻል እንደሆነ አለቆቼን ባማክር ያገኘሁት መልስ «እናየዋለን» የሚል ነው። በባንክ ቤት ቋንቋ «እናየዋለን» ከ«አይሆንም» ጥቂት የሚለዝብ፣ ከ«ይሆናል» ግን እጅግ የሚርቅ ቃል ነው።

«አገሩን ሳላይ አልወስንም» አለች ባለቤቴ። እንግዲያው እንየው ተባባልን። ሐረር እስክንደርስ ድረስም የደብዳቤውን ነገር ላናነሳ ቃል ተገባባን።

መሪውን የያዘችው እሷ ናት፤ እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝም። በየኬላው የሚያስቆሙን የትራፊክ ፖሊሶች ወደ እኔ አቅጣጫ ሲመለከቱ፣ እሷ ከወዲያ በኩል ፈቃዷን ታቀርባለች። አንደኛው ፖሊስ ወረቀቱን አገላብጦ ካየ በኋላ «አንተስ ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የእኔ ሥራ ውኃ ማቀበልና ደብተር መያዝ ነበር። ደብተሩ በሙያዬ ልማድ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በቀኙ ገጽ ወጪ፣ በግራው ገጽ ግጥም። ግጥም የምለውም ለመልካም ምኞት ያህል ነው፤ አብዛኛው ከሁለት ስንኝ አያልፍም፤ ሁለቱም ስንኞች ሁልጊዜ ቤት አይመቱም።

እስከ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ ለተጓዥ የሚሰጠው ፍጥነትን ነው፤ ትዝታ አይሰጥም። ስለዚህ እዘለዋለሁ። ከአዳማ በኋላ መንገዱ ጠብቦ፣ አየሩ ሞቆ፣ ግራሩ እየሳሳ ሄዶ ወለንጪቲን አለፍን። መተሐራ ከመግባታችን በፊት ግን ባለቤቴ መኪናዋን ዳር አስይዛ ቆመች።

በሰቃ ነበር። በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል ተዘርግቶ አስፋልቱን የሚታከክ፣ ግራጫ ቀለም ያለው፣ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ የማይታይበት ሐይቅ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይሸፍን እንደነበረ ያጠኑት ሰዎች ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ከመስኖ እርሻዎቹ የሚሰርገውና ከምድር ውስጥ የሚመነጨው ውኃ አንድ ላይ ሆኖ እያሰፋው፣ የግጦሹን መሬት ውጦ፣ መንገዱንና ሐዲዱን ከፍ አስደርጎ አሠርቷል። ውኃው ጨዋማ ነው፤ አይጠጣም፤ ሸንኮራ አገዳውንም አያጠጣም። ባለቤቴ ጫፉ ላይ ቁጢጥ ብላ ጣቷን ነክራ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። እኔ ከአንድ ቀዳዳ ከበዛበት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሙዝ እልጥ ነበር። ከጀርባችን የፈንታሌ ተራራ ዝም ብሏል፤ እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ ቀልጦ የፈሰሰው ድንጋይ ግን አሁንም ትናንት የቀዘቀዘ ይመስላል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ለወራት ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ፣ ብዙ ሺሕ ሰዎችም ቀያቸውን ለቅቀው ሲወጡ በዜና በሰማሁ ጊዜ፣ እግሬን ዘርግቼ ሙዝ የበላሁበት ያ ድንጋይ ትዝ ብሎኝ ሰውነቴ ቀዝቅዟል።

ከሰዓት በኋላ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ገባን። ሳላዎቹን አየናቸው፤ ቀንዳቸው እንደ ጦር ቀጥ ያለ፣ ፊታቸው ጥቁርና ነጭ ቀለም የተቀባ የሚመስል። ከዚያም ፏፏቴው። የክረምት አዋሽ ቡና በወተት ይመስላል፤ ዐለቱን ሲዘል ደግሞ ድምፁ ጆሮ ይነሳል። አዋሽ ከደጋው ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ፣ በአፋር በረሓ ሐይቆች ውስጥ የሚቀር ወንዝ ነው። ይህን ነገር በልቤ እያመነዠግሁ ለግራው ገጽ ሳዘጋጀው፣ ባለቤቴ ወደ እኔ ዞራ አንድ ነገር ተናገረች። አልሰማኋትም። «ምን?» አልኋት። ደገመችው፤ ውኃው ዋጠው። እጇን አወናጨፈችና ተወችው።

ያን ሌሊት አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ አጠገብ አደርን። የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነው። ይህች ጣቢያ የብዙ መንገደኛ እራትና መኝታ ሆና ነበር። የኤሌክትሪኩ ባቡር በ2010 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር በአዲስ ሐዲድ፣ በሌላ ጣቢያ ሆነ፤ አሮጌው ሐዲድ ሣር በቅሎበታል። በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ፣ በፏፏቴው ሥር ምን እንዳለችኝ ጠየቅኋት። «ተወው፣ ትንሽ ነገር ነው» አለች። የሚስት «ትንሽ ነገር» እንቅልፍ ይነሳል። ቃል ስለ ተገባባን ደብዳቤውን በስሙ ልትጠራው አልቻለችም፤ ስለዚህ ማንም ሊሰማት በማይችልበት ስፍራ ተናገረችው፣ ብዬ አሰብሁ። ሌሊቱን በሙሉ ያችን ዓረፍተ ነገር ስጽፍላት አደርሁ። በግራው ገጽ ላይ ሰባት ዓይነት አደረግኋት፤ በሦስቱ ትቀራለች፣ በአራቱ ትሄዳለች።

በማግሥቱ የአዋሽን ድልድይ ተሻግረን፣ ሚኤሶን አልፈን፣ ወደ ጨርጨር ተራሮች መውጣት ጀመርን። ይህን መንገድ በክረምት ያላየ ሰው ሐረርጌን በረሓ አድርጎ ያስባታል። ግመሎቹ ከታች ይቀራሉ፤ ከአሰበ ተፈሪ ጀምሮ ጉም መኪናው ላይ ይወርዳል። ተራራው ከአናቱ እስከ እግሩ በእርከን ተከርክሞ ማሽላና ጫት ለብሷል። ሂርና ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን የኋላ ጎማችን ነፈሰ። ክሪኩን አውጥታ፣ ቡሎኑን ፈትታ፣ ስኮርታውን የቀየረችው ባለቤቴ ናት፤ እኔ ዣንጥላ ያዝሁላት። ከየት እንደ መጡ ያልታወቁ ዘጠኝ ልጆች ከበው ሥራዋን በጸጥታ ተመለከቱ፤ ሲያልቅም አጨበጨቡላት። የሂርናው ጎሚስታ የወጋንን ምስማር ከጎማው ነቅሎ በመዳፌ ላይ አኖረልኝ። በቀኙ ገጽ «ጎሚስታ 60» ብዬ ጻፍሁ። ምስማሩ እስከ ዛሬ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ።

ጨለንቆን ዝም ብለን አለፍን። በ1879 ዓ.ም. የምኒልክና የሐረሩ አሚር አብዱላሂ ጦር የተጋጠመው በዚህ ሜዳ ነው፤ ብዙ ሰው አልቋል፤ ሐረር ነጻ መንግሥትነቷን ያጣችውም በዚያው ነው። እንደ እኔ ያለ የሩቅ መንገደኛ እዚያ ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ ከሚነሳ ዝም ብሎ ቢያልፍ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ከጨለንቆ ጀምሮ መንገዱ በእግረኞች ተሞላ። ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበርና ተሳላሚው ነጠላውን አጣፍቶ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ይጎርፋል። ያሁኗ ጎጆ ትዳር እንጂ የእኛ ቤት ስለት የሚያውቀው አልነበረም፤ ሆኖም እናቴ ስለ ቁልቢ ብዙ ነግራኛለች። ራስ መኰንን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ተስለው፣ በድል ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠሩ ይተረካል። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በባዶ እግር ሲሄዱ ስናይ ቆምንላቸው።

«እማማ፣ ይግቡ፣ እናድርስዎ» አለች ባለቤቴ።

«የለም ልጄ፣ የተሳልሁት በእግሬ ነው» አሉ። ከዚያም ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብለው ሁለታችንን ተመለከቱን። «ባልና ሚስት ናችሁ?»

«አዎ እማማ።»

«ልጅስ?»

«ገና ነው።»

«ገብርኤል ይስጣችሁ። እናንተም አትለያዩ» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ እስከ ቀርሳ ድረስ ሁለታችንም አልተነፈስንም። ምርቃቱ፣ በሰው አፍ ሆኖ፣ ቃላችንን አፍርሶብን ነበር።

ሐረማያ ስንደርስ እንደገና አንድ ሐይቅ ዳር ቆምን፤ የቆምነው ግን ሐይቅ ይሁን ሜዳ ለመለየት ነው። ከፊሉ ውኃ፣ ከፊሉ ከብት የሚግጥበት ሣር ነበር። ሐረማያ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ያለቀ ሐይቅ ነው። የአካባቢው ገበሬ ለጫትና ለአትክልት በሞተር ሲስበው፣ ከተራቆቱት ኮረብታዎች አፈር ሲገባበት፣ ሐረር ከተማ ራሷ የምትጠጣውን ስትቀዳበት ኖራ አንድ ቀን አለቀ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃው ተመልሶለታል፤ እኛ ያየነው ግን በመመለስና ባለመመለስ መካከል ሆኖ ነው። መኪናው ውስጥ ገብቼ በግራው ገጽ ላይ ጻፍሁ፦

በሰቃ ሳይጠሩት ጎዳና ላይ ወጣ፣
ሐረማያ ሲጠሩት ከአልጋው ላይ ታጣ፤
ውኃ ስፍራ ለቅቆ ከሄደ እንዲህ ርቆ፣
ሰው በአንድ ጎጆ ውስጥ ስንት ይኖር ተጣብቆ?

ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላት። መሪውን እንደ ያዘች ጥቂት አሰበች። «‹ተጣብቆ›ን ምን አመጣው? ማስቲካ ነን?» አለች። ሌላ ቤት የሚመታ ቃል እስክፈልግ ድረስ በጫት ነጋዴዎች የተጨናነቀችውን አወዳይን አልፈን ሐረር ገባን።

የሐረርን ነገር ብዙ ሰው ጽፎታል። በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ጀጎል፣ ከአምስቱ ጥንታዊ በሮቹና ከውስጡ ካሉት 82 መስጊዶች ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህን ሁሉ ጎብኚ ሲደርስ ያገኘዋል። እኔን የገረመኝ እኔና ባለቤቴ በአንድ መንገድ ጎን ለጎን እየሄድን በሁለት ከተማ ውስጥ መሆናችን ነው። እኔ የማየው ግድግዳውን ነበር፤ ነጩን፣ አረንጓዴውን፣ ለዒድ የተቀባውን ሮዝ። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ የልብስ ስፌት መኪናዎቹ ሲያጓሩ እኔ ዜማ እሰማለሁ፤ እሷ ቆማ ዩኒፎርም በስንት ብር እንደሚሰፋ ትጠይቃለች። ፈረስ መጋላ ላይ እኔ የአሮጌዎቹን ፔጆ ታክሲዎች ዕድሜ ስገምት፣ እሷ ከኮሌጁ እስከዚያ ባጃጅ ስንት እንደሚያስከፍል ታጣራለች። ሽንኩርት ትመዝናለች። ሌሊት መብራት ያለበትንና የሌለበትን ሰንጥቅ መንገድ ትለያለች። በሁለተኛው ቀን ላይ ነው የገባኝ፤ እሷ እየጎበኘች አልነበረም፤ እየኖረች ነበር።

በዚሁ ቀን የራምቦ ቤት ወደሚባለው ሄድን። ይህን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ግጥም ለሚሞካክር የባንክ ሠራተኛ ከሐረር የሚበልጥ መሳለሚያ የለም። አርተር ራምቦ በሃያ ዓመቱ ገደማ ግጥምን እርግፍ አድርጎ የተወ ፈረንሳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1880፣ በ26 ዓመቱ፣ ኤደን ላይ የተቀመጠ የአንድ ንግድ ቤት ወኪል ሆኖ ሐረር ገባ። ቡና ገዛ፤ ቆዳ መዘነ፤ የዝሆን ጥርስ ቆጠረ፤ የሒሳብ መዝገብ ያዘ። በሦስት የተለያዩ ጊዜያት እዚህ ተቀምጧል። ባለቀለም መስታወቶቹና ጣሪያው ላይ የተሳሉት ሥዕሎች ዐይን የሚማርኩት ይህ ባለፎቅ የእንጨት ቤት ግን የእርሱ አልነበረም፤ የሠራው አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ የተሠራውም ገጣሚው ከሞተ በኋላ ነው። ስሙ ብቻ ነው የገባበት። ለገጣሚ አይከፋም፤ ያልኖረበት ቤት በስሙ ሲጠራ።

ሰዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁት ግጥሙን ለምን እንደ ተወ ነው። እኔም ይህን ጥያቄ ይዤ ነበር የሄድሁት። ከዚያ በፊት ግን ከሐረር ለእናቱና ለእኅቱ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች በእንግሊዝኛ ትርጉም አንብቤያቸው ነበር። ግጥም የለባቸውም። ዋጋ አለባቸው፤ ላኩልኝ የሚላቸው የእጅ ሙያ መጻሕፍት ዝርዝር አለባቸው፤ መሰልቸት አለባቸው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1883 በጻፈው በአንደኛው፣ ሚስት አግብቶ ቤተ ሰብ አለመመሥረቱ እንደሚቆጨው፣ ልጅ ወልዶ እንዳሻው አድርጎ ቢያሳድግ ምኞቱ እንደ ነበረ ያወራል። ከዚያው ደብዳቤ ጋር ራሱን በራሱ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ልኳል፤ በአንደኛው በሙዝ ተክል መካከል እጆቹን አጣምሮ ቆሟል። ምስሎቹ ነጣ ያሉት ለማጠቢያ የሚጠቀምበት ውኃ መጥፎ ስለ ሆነ መሆኑንም ያስረዳል።

ይህን ሁሉ እዚያው በቤቱ ሰገነት ላይ ቆመን ነገርኋት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«ስንት ዓመቱ ነው የሞተው?» አለች።

«37። እግሩ አብጦ፣ በቃሬዛ እስከ ዘይላ ባሕር ዳር ተሸክመው ወሰዱት፤ ከዚያ ማርሴይ ላይ እግሩን ቆረጡት። በዚያው ዓመት ሞተ፤ 1891።»

«የአጥንት ካንሰር ይሆናል» አለች፤ ነርስ ናትና። ከዚያም ቆየት ብላ፦ «የሚያስታምመው ሰው እዚህ አልነበረውም?»

ጃሚ የሚባል የሐረር ተወላጅ አገልጋይ እንደ ነበረው፣ በሞት አልጋው ላይም ስሙን ይጠራ እንደ ነበረ ነገርኋት። ራሷን ነቀነቀች። ግጥሙን ለምን እንደ ተወ አልጠየቀችኝም። ሰገነቱ ላይ ያለው መስታወት ቀይና ሰማያዊ ብርሃን እፊቷ ላይ ጥሎባት ነበር፤ በግራው ገጽ ላይ ግን ስለዚያ ምንም አልጻፍሁም።

ማታ ጅብ ለማየት ከግንቡ ውጭ ወጣን። የሐረር ጅብ የከተማው ነዋሪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በግንቡ ሥር ለእርሱ መግቢያ የተተወ ቀዳዳ አለ፤ ሌሊት በዚያ ገብቶ የሥጋ ትራፊውን አጽድቶ ይወጣል። አብሊው በሁለት የመኪና መብራት መካከል ተቀምጦ እየጠራ፣ ሥጋውን በአጭር እንጨት ጫፍ አንጠልጥሎ ይሰጣቸዋል። ከዚያ ተመልካቹን «ማነው የሚሞክር?» ይላል። ባለቤቴ ጫማዋን አስተካክላ ገባች። እንጨቱን በጥርሷ ነክሳ ቁጢጥ አለች፤ ከግንባሯ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ያ ትልቅ አውሬ ሥጋውን ቀስ ብሎ፣ እንደ ጨዋ እንግዳ፣ ተቀበላት። እኔ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኜ ከኋላ ቆምሁ፤ ፎቶው ላይ የሚታየው የጅቡ ጭራ ብቻ ነው።

ስንመለስ ክንዷን ይዤ፣ «በአዋሽ ፏፏቴ ሥር ምን ነበር ያልሽኝ? አሁን ሐረር ደርሰናል፤ ቃሉ አብቅቷል» አልኋት።

ቆም ብላ ለማስታወስ ሞከረች። «እንዴ! የጫማህ ክር ተፈቷል ነው ያልሁህ። ዐለቱ ላይ እንዳትወድቅ ብዬ» አለችና ሳቀች። ሰባቱን ዓረፍተ ነገሮች አላሳየኋትም።

በሦስተኛው ቀን ቤት ለማየት ሄድን። የሚከራይ ክፍል እንዳለ የነገረን የሆቴሉ ዘበኛ ነው። በአርጎባ በር በኩል ገብተን፣ አንዲት አህያ ብቻ በምታልፍበት ሰንጥቅ ወርደን፣ ከፍ ያለ የእንጨት በር አንኳኳን። ባለቤቲቱ በዕድሜ የገፉ ሐረሪ ናቸው። በመጀመሪያ ወደ ትልቁ ክፍል፣ ወደ ጊዲር ጋር አስገቡን። አምስቱ ነደባዎች፣ እያንዳንዳቸው በቤቱ ሰው ማዕርግ ልክ ከፍና ዝቅ ብለው፣ በምንጣፍ ተሸፍነዋል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሙዳይ፣ በሞሰብና በሸክላ ሣሕን ተሞልቷል። የግድግዳ ውስጥ ጎድጓዳ መስኮቶቹ መጻሕፍት ይዘዋል። እኔ አፌን ከፍቼ ስቀር ባለቤቴ «እናቴ፣ ውኃ በስንት ቀን ይመጣል?» አለች።

ሴትዮዋ ከልባቸው ሳቁ። ሐረማያ ከደረቀ ወዲህ የሐረር ሰው ውኃ ከሩቅ፣ ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ፣ ሽቅብ ተገፍቶ እንደሚመጣለት ነገሩን። አንዳንዴ ይመጣል፤ አንዳንዴ ይረሳል። ግቢው ውስጥ ሮቶ አለ። ከዚያ የሚከራየውን ክፍል አሳዩን፤ ከግቢው ጥግ፣ በደረጃ የሚወጣ፣ አንድ መስኮት ያለው። ባለቤቴ ርዝመቱን በእርምጃ ለካችው። መስኮቱን ከፈተች፤ ዘጋች። በግድግዳው ውስጥ ያሉትን ሁለት ጎድጓዳ ቦታዎች እጇን አስገብታ ጥልቀታቸውን አየች። ሴትዮዋ በቁጢ የተሞሉ ሁለት ስኒዎች ይዘው መጡ፤ ከቡና ቅጠል የሚፈላ፣ ጨውና ወተት ያለበት፣ ለእኔ ዓይነቱ ሰው እስከ ሦስተኛው ጉንጭ የማይገባ መጠጥ ነው።

«የምትገቡት ሁለታችሁም ናችሁ?» ብለው ጠየቁን።

ባለቤቴ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ስኒው አየሁ። «ሥራው ይወስናል፣ እናቴ» አልሁ።

«ሥራ መቼ ይወስናል» አሉ፣ ስኒውን እየተቀበሉኝ።

ወደ ሆቴላችን ስንመለስ ባለቤቴ አንድ ነገር ረሳሁ ብላ ብቻዋን ወደ ኋላ ተመለሰች፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደረሰችብኝ። ምን እንደ ረሳች አልነገረችኝም። በማግሥቱ ማለዳ ከሐረር ወጥተን፣ ከደንገጎ ወደ ቀኝ ታጥፈን፣ ጥምዝምዙን ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ ወረድን። ከዚራ ውስጥ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ጭማቂ ስንጠጣ፣ እንደ ልማዴ ደብተሩን አውጥቼ ሒሳብ መዝጋት ጀመርሁ። የቀረን ገንዘብና የወጣው ገንዘብ አልገናኝ አለኝ። በሥራዬ ከማንም በላይ የምጠላው ነገር ጉድለት ነው። ኪሴን ፈተሽሁ፤ ከሆቴሉ ደረሰኝ ጀምሬ እስከ ሂርናው ጎሚስታ ደግሜ ደመርሁ። አምስት መቶ ብር ጎደለ። ሦስተኛ ጊዜ ልደምር ስል ባለቤቴ የጭማቂውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«አትድከም» አለች። «ለቤቱ ቀብድ ሰጥቻለሁ።»

ዛፉ ላይ ያሉት ወፎች ይንጫጩ ነበር፤ ይህን ጊዜ ግን በደንብ ሰምቻታለሁ።

«መቼ?»

«ረሳሁ ብዬ ስመለስ። ሁለቱን ጎድጓዳ አየሃቸው አይደል? ያንተ መጻሕፍት ግማሹ ይገባሉ። ግማሹን እናትህ ዘንድ እናስቀምጣለን።»

በቀኙ ገጽ «ቀብድ፣ ሐረር፣ 500» ብዬ ጻፍሁ፤ ሒሳቡም ዘጋ። ደብተሩን ወደ እሷ ሳዞር፣ በግራው ገጽ ላይ ያለውን አራት ስንኝ አየችና እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ «ተጣብቆ» የሚለውን ሰረዘችው። በምትኩ ግን ምንም አልጻፈችም።

የዝውውር ማመልከቻዬን ነሐሴ 1 ቀን አስገባሁ። «እናየዋለን» ያሉኝ ሰዎች እስከ ታኅሣሥ ድረስ ሲያዩት ቆዩ። ባለቤቴ በጥቅምት ብቻዋን ገባች። መልሱ መጥቶ ሁለት ካርቶን መጽሐፍ ይዤ በአውቶቡስ እስክሄድ ድረስ፣ ማታ ማታ ስትደውልልኝ አስቀድማ የምትነግረኝ ውኃ መጥቶ እንደ ሆነና እንዳልመጣ ነበር።